የተዘቀዘቀው ነጠላ

ይህችን ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ፤ የልጆች መጽሐፍ አዘጋጆች በአደባባይ የምናወራት ነገር አይደለችምና። በረቂቆቻችን ውስጥ አያቶች ይሞታሉ። ማተሚያ ቤት ሲደርሱ ግን «ሩቅ አገር ሄደዋል»።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ረቂቁ ሲነበብ አንዱ «ልጅ ያስደነግጣል» ይላል፤ ሌላው «ወላጅ አይገዛውም» ይላል። ሠዓሊው ድንኳኑን ያጠፋና በቦታው ዛፍ ይሥላል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ «አያቴን እንቅልፍ ወሰዳቸው» የምትል ዐረፍተ ነገር አሳልፌያለሁ። ዛሬም ይቆጨኛል። እንዲህ የተነገረው ልጅ እናቱ ባሸለበች ቁጥር እየቀሰቀሰ ቢያድር ማን ይፈርድበታል?

ዓይኔን የገለጠችልኝ ዘንዘልማ ናት። ከባሕር ዳር ወጣ ብዬ፣ ስለ ለቅሶ የተሠራ ረቂቅ ይዤ ሄድኩና ጥቂት ልጆች ዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቤ ገጽ በገጽ አሳየኋቸው። እንዳያለቅሱብኝ ሰግቼ ነበር። ገጽ 9 ላይ ስንደርስ ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጅ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አሳረፈችና «ነጠላቸው አልተዘቀዘቀም» አለች።

እውነቷን ነው። ሠዓሊያችን ለቀስተኛዋን ሴት ጥለቱን ወደ ታች አውርዶ፣ እንደ ዓመት በዓል አልብሷታል። ጥለቱ ወደ አንገት ሲወጣ ኀዘን መሆኑን ከተማ ቁጭ ብለን የሣልነው እኛ ዘነጋነው፤ ልጅቷ ግን ታውቀዋለች። ከኋላዋ የነበረው ልጅ ደግሞ «ንፍሮውስ የታል?» አለኝ።

እነዚህ ልጆች በእድር ጥሩምባ የሚነቁ ናቸው። መርዶ ሊያረዱ የመጡ ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ ደጅ ሲቆሙ ያያሉ። ሙሾውን ይሰማሉ፣ ለሳልስቱ ውኃ ይቀዳሉ፣ በአርባው ይላላካሉ። ጥለቱ ለምን እንደተገለበጠ፣ አርባ ለምን እንደሚቆጠር ሲጠይቁ ግን «ውጡ፣ ተጫወቱ» እንላቸዋለን። ያን ጊዜ አጠገባቸው መቀመጥ የነበረበት መጽሐፍ ነው እኛ የምንቆርጠው።

ልጅን ከለቅሶ የማያርቁም አሉ። በኒውዚላንድ ማኦሪዎች ዘንድ ታንጊሃንጋ የሚባለው ለቅሶ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ልጆች አይባረሩም፤ አስከሬኑ ባለበት ከዘመድ ጋር አብረው ያድራሉ። ደራሲው ቲም ቲፔኔ «ሃኤሬ» በተባለው የሥዕል መጽሐፉ ይህን ስንብት ለልጆች አቅርቦታል።

እኛስ? አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከነሥዕሉ ካሳተሙ፣ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከከፈቱ ወዲህ አንበሳውም ጦጣዋም ባለቀለም መጽሐፍ አግኝተዋል። ለቅሶ ቤቱ ግን በእኔ እጅ ካለፉት ረቂቆች በአንዱም ሳይቆረጥ ሲያልፍ አላየሁም። ባለፉት ዓመታት ጦርነት ስንት የክልላችን ልጅ አባቱን እንዳጣ እያወቅን!

ረቂቁን ለሠዓሊው መልሼለት ነበር። አሁን ነጠላው ተዘቅዝቋል፣ ንፍሮው በሰፌድ ቀርቧል፣ «አያቴ ሞቱ» የሚለውም ሳይድበሰበስ ተጽፏል። ውሳኔ እየጠበቀ ነው። ወላጆችና መምህራን፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስታገኙ «ለልጅ አይሆንም» ብላችሁ አትለፉት፤ አብራችኋቸው አንብቡት። አሳታሚዎችም እባካችሁ፣ ገጽ 9ን አታውጡብን።