ትዝታቸውን የማይለቁ ስፒኖች

በተወጠረ ገመድ ላይ ሁለት ጠጠሮች በእኩል ክር ይንጠልጠሉ። አንደኛው ሲወዛወዝ ጥቂት ቆይቶ ውዝዋዜው ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ የመጀመሪያውም ቀጥ ይላል። አሁን የአንዱ ክር በደንብ ተቆርጦ እንዲያጥር ይደረግ። ጎረቤቱ የቱንም ያህል ቢወዛወዝ እሱ ትንሽ ይነቃነቃል እንጂ ውዝዋዜው አይሻገርለትም። ማንም ቤቱ ሊሞክረው የሚችለው ይህ ጨዋታ፣ ከኳንተም ፊዚክስ ድንቅ ክስተቶች አንዱን ለመረዳት ግማሹን መንገድ ይወስዳል።

ስፒን ኤሌክትሮንን ወይም አተምን እንደ ደቃቅ ማግኔት የሚያደርገው ባሕርይ ነው፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጆርጅ ፌኸር በኒው ጀርሲው ቤል ቤተ ሙከራ፣ ሲሊከን ውስጥ በዘፈቀደ የተበተኑ የፎስፈረስ አተሞችን ያጠና ነበር። የገለበጣቸው ስፒኖች ለውጡን ለጎረቤት ሳያካፍሉ ከተገመተው በላይ ቆዩ። የፊዚክስ ሊቁ ፊሊፕ አንደርሰን ምክንያቱን በ1958 ጻፈ፦ የየአንዳንዱ ስፒን አካባቢ ስለሚለያይ (ይህ ልዩነት «ዝብርቅርቅ» ይባላል) የኢነርጂው ሂሳብ አይገጥምም፤ ሊዛመት የነበረው ሞገድም እርስ በርሱ እየተጣፋ ባለበት ይቀራል። ጽሑፉ ለዓመታት ብዙም አንባቢ አላገኘም። በ1977 አንደርሰን የኖቤል ሽልማት ተጋሪ ሆነ።

ብዙ ሰው፣ ስለ ሳይንስ የሚጽፈውም ጭምር፣ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ዝብርቅርቅ» ሲባል ሙቀት ይመስለዋል። ስፒኖቹን የሚይዛቸው ዝብርቅርቅ ግን የማይነቃነቅ ነው፤ አንዴ ተቆርጠው እንደቀሩት ክሮች። ሙቀት ክሮቹን በየቅጽበቱ የሚያስረዝምና የሚያሳጥር እጅ ነው፤ ለአፍታ እኩል በሆኑ ቁጥር ውዝዋዜው ያመልጣል። አንዱ ትዝታን ይጠብቃል፣ ሌላው ያጠፋል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አጥርንና ጎርፍን መቀላቀል ነው። «ስፒኖቹ በረዶ ሆኑ» ማለትም ስህተት ነው። እርስ በርስ የሚነካኩ ስፒኖች እዚያው ባሉበት ኳንተማዊ ቁርኝታቸው ያድጋል፤ እድገቱ ግን የጊዜውን ሎጋሪዝም የሚከተል፣ እጅግ ዝግተኛ ነው።

በ2016 የሜሪላንድ ተመራማሪዎች 10 የይተርቢየም አዮኖችን አሰለፉና አንዱን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች አደረጉ። በሌዘር ለየአንዳንዱ የተለያየ መስክ ሲሰጡት ሰልፉ የመነሻ መልኩን አሻራ ይዞ ቆየ፤ ያለ ዝብርቅርቁ አሻራው ጠፋ።

ስንት ዝብርቅርቅ ይበቃል? በ2015 የወጣ የኮምፒውተር ስሌት፣ እስከ 22 ስፒን ባለው ሰልፍ፣ ደፉን ከጎረቤታሞች መስተጋብር 3.7 እጥፍ ገደማ ላይ አስቀመጠው። ኋላ የመጡ ጥናቶች ሰልፉ ሲረዝም ደፉ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። 3.7ን እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚጠቅስ ሁሉ 22ንም አብሮ ይጻፍ።