የዋሻውን ጣሪያ ማን አጠናው?

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ካለች ቡና ቤት ተቀምጬ፣ ከዓመታት በፊት ከወሎ የመጣችልኝን ኦፓል ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጣልኳት። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ደረቅ ስትሆን ወተት ትመስላለች፤ ዘንበል ሲያደርጓት አረንጓዴና ቀይ ብልጭታ ይሮጥባታል። ውሃ ውስጥ ስትገባ ከጠርዟ ጀምራ እየጠራች ሄደች፤ ሁለተኛው ቡና እስኪመጣ ቀለሟ ጠፍቶ የብርጭቆ ስባሪ መሰለች። የወሎ ኦፓል ጠባዩ ነው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ቀለሙን ይመልሳል። ከጀርባዋ ሳይጸዳ የቀረው ግራጫ አፈር ግን አልጠራም። ለሰለሰ፣ ተፈረፈረ፣ የብርጭቆውን ሥር አደፈረሰው።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ አፈር ነው።

በወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ ኦፓል የተገኘው በ2000 ዓ.ም. ነው። የአካባቢው ገደሎች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ ባዛልትና ተጋግሮ ከጠነከረ የእሳተ ገሞራ አመድ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ እንደ እንጀራ ተነባብሯል። ይህ ሁሉ ድንጋይ በሺህ በሚቆጠር ሜትር ሲቆለል፣ ኦፓሉ ያለው በአንዲት ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። ውፍረቷ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሸክላ የበዛባት፣ ከላይና ከታቿ ካለው ድንጋይ ይልቅ ለስላሳ ናት። ስለዚህ ቆፋሪው ከላይ ወደ ታች አይቆፍርም። ገደሉ ወገብ ላይ ቆሞ፣ ዶማና መሮ ይዞ፣ ንብርብሯን ተከትሎ ወደ ጎን ይገባል። በገባ ቁጥር ይጎነበሳል፣ ከዚያ ይንበረከካል። ከራሱ በላይ ያለው ከባድ ድንጋይ የተደገፈው በዚያችው ለስላሳ ንብርብር ነው። እሱ የሚያወጣው ደግሞ ያንኑ ድጋፍ ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ በደላንታ አንድ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ ወደ 20 የሚጠጉ ቆፋሪዎች ውስጥ ቀሩ። የአካባቢው ሰው ወንድሙን፣ ልጁን፣ ጎረቤቱን ለማውጣት የያዘው የእጅ መሣሪያ ነበር። ዜናው ለጥቂት ቀናት ዓለምን ዞረ፤ ከዚያ ቀዘቀዘ። ልብ ይባል፤ ጥር የበጋ ወር ነው። ዝናቡን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። ታዲያ ምንድን ነው የደረመሰው? ሸክላው የክረምቱን እርጥበት እስከዚያ ድረስ ይዞ ነበር? ዋሻው ያለ ምሰሶ ከልክ በላይ ሰፍቶ ነበር? ወይስ ጎን ለጎን የተቆፈሩ ዋሻዎች ከውስጥ ተገናኝተው ነበር? እነዚህ የመላ ምት ጉዳዮች አይደሉም። በመሣሪያ ይለካሉ።

አገራችን ከመሬት በታች ያለውን ማጥናት አታውቅም የሚል ሰው ይሳሳታል። በማዕድን ሚኒስቴር ሥር የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1960 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ዳኒሎ የሌንክ የተባለው ባለሙያ የኢትዮጵያን ማዕድናት በየቦታቸው የመዘገበ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ በሚኒስቴሩ በኩል አሳትሟል። የአገሪቱ አጠቃላይ የጂኦሎጂ ካርታ እ.ኤ.አ. በ1973 በካዝሚን ተዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ መንገሻ ተፈራ፣ ታዲዎስ ቸርነትና ወርቅነህ ሀሮ አድሰው ሁለተኛውን እትም አወጡ። በዚያ ካርታ ላይ ያለች እያንዳንዷ ቀለም የአንድ ሰው እግር የረገጣት ናት። ባለሙያው በበረሃ ድንኳን አድሮ፣ መዶሻውን ይዞ ወንዝ ለወንዝ ወርዶ፣ ናሙናውን በከረጢት ተሸክሞ የሠራት ናት። ይህን ሥራ የሚያቃልል ቃል ከብዕሬ አይወጣም።

ጥናቱ መና አልቀረም። በአዶላ ቀድሞ ይታጠብ የነበረው ደለል ወርቅ ነበር፤ በደርግ ዘመን በሶቪየት ባለሙያዎች እገዛ በተደረገ አሰሳ ግን የለገደንቢ የድንጋይ ወርቅ ተገኘ፣ መንግሥትም ማምረት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1997 ማዕድኑ በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ። ዛሬ ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ በሰንጋ ተራ በኩል ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚሄድ ሰው በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል። የባህላዊ አምራቾችን ወርቅ የሚገዛው ያ ባንክ ነው። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ለአገሪቱ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። ከዚህ ገንዘብ ውስጥ ቆፋሪው ከጉድጓዱ በደህና የሚወጣበትን መንገድ ለማጥናት ስንቱ ይመለሳል? የምጠይቀው ይህንን ነው።

የጥናታችን ችግር የት ላይ እንደሚቆም ቀንጢቻ በደንብ ያሳያል። በጉጂ ያለው ይህ የታንታለም ቦታ ከ1982 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመንግሥት የሙከራ ፋብሪካ ሲመረትበት ቆይቷል። ታንታለም በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ የሚገባ ውድ ብረት ነው። ነገር ግን የቀንጢቻ ድንጋይ ዩራኒየምና ቶሪየም አብሮ ይዟል። እነዚህ ጨረር አመንጪዎች ካልተለዩ ምርቱን በመርከብ ማጓጓዝ ከባድ ይሆናል፤ በዚህም ሳቢያ ኤክስፖርቱ ለዓመታት ተስተጓጎለ። ድንጋዩ የት እንዳለ እናውቃለን፣ ስንት እንደሆነም እናውቃለን። የቀረው ብረትን ከብረት የመለየት ሙያ፣ ሜታለርጂ የሚባለው፣ ነው። ካርታ ያለው አገር የማቅለጫና የማጣሪያ ላቦራቶሪው ካልጠነከረ ሀብቱ ደጁ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ያንን ድንጋይ በእጁ ያነሳ፣ አቧራውን የተነፈሰ ሠራተኛ ምን ያህል ጨረር እንደደረሰውስ ማን ለካ?

ለገደንቢም ሌላ ትምህርት አለው፤ እዚያ ጥናት ተደርጓል። የአካባቢው ሕዝብ ከማዕድኑ በሚወጣ ብክለት ከብቶቻችን ሞቱ፣ ልጆቻችን ከጉዳት ጋር ተወለዱ ብሎ ሲነሳ፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. መንግሥት የሚድሮክን ፈቃድ አገደ። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጭምር አጠኑ። ማዕድኑ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ቀጠለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የጥናቶቹ ውጤት ለሕዝቡ እንዳልተገለጸ ጽፏል። ይህ ለእኔ ከምንም በላይ ያማል። ደሙን ለምርመራ የሰጠ ገበሬ ውጤቱን ካላወቀ፣ ከወንዙ ይጠጣ ወይስ አይጠጣ የሚለውን ዛሬም ራሱ ነው የሚወስነው።

ሌላው ዓለምም የማዕድን ደህንነት ጥናት ላይ በቀላሉ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1907 በአሜሪካ ሞኖንጋ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን 362 ሰዎች በአንድ ቀን ሞቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአገሪቱ መንግሥት የማዕድን ቢሮ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ የከሰል ብናኝ ብቻውን፣ ያለ ጋዝ፣ አይፈነዳም የሚሉ ብዙ የማዕድን ባለቤቶች ነበሩ። ቢሮው ብሩስተን በተባለ ስፍራ የራሱን የሙከራ ማዕድን ቆፈረ፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ሰው ሰብስቦ ብናኙን ብቻ አፈነዳላቸው። ክርክሩ አበቃ። በኋላ መድኃኒቱም ተገኘ፤ ዋሻው ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት መበተን። ርካሽ ነው፣ ማንም ይሠራዋል። ቢሮው እ.ኤ.አ. በ1996 ቢዘጋም የደህንነት ምርምሩ ወደ ሌላ የመንግሥት ተቋም ተዛውሮ ቀጥሏል።

ይህን የምጽፍበት አደባባይ ስሙን ያገኘው የጣሊያንን ወረራ ካልተቀበሉ ጥቂት አገሮች አንዷ ከሆነችው ሜክሲኮ ነው። በሜክሲኮ ሲቲም በአንበሳ ራስ ምልክቱ የሚታወቅ «ኢትዮጵያ» የተባለ የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። ሁለቱ አገሮች ግን ሌላም የሚጋሩት ነገር አለ። ሜክሲኮም የኦፓል አገር ናት፤ የኬሬታሮ እሳት መሰል ኦፓል ከእኛው ጋር በየገበያው ይገናኛል። ሜክሲኮም ልጆቿን መሬት ውስጥ አጥታለች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 ፓስታ ዴ ኮንቾስ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ 65 ሠራተኞች ሞቱ። የወጣው የሁለቱ አስከሬን ብቻ ነበር። ሚስቶችና እናቶች ዓመት ከዓመት አደባባይ ወጡ፣ አልደከሙም። መንግሥት ተመልሶ ቆፈረ፤ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ከ18 ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያው አጽም ተገኘ።

ለደላንታ የሚያስፈልገው 18 ዓመት የሚፈጅ ነገር አይደለም። ንብርብሯን የሚያውቁ ጂኦሎጂስቶች አሉን። ከአዲስ አበባ ወይም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ባለሙያ፣ የድንጋይን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ፣ የሸክላውን እርጥበት በየወሩ የሚመዘግብ ሰው፣ ከየቀበሌው ደግሞ ዋሻውን እንደ ጓዳው የሚያውቅ አንድ ነባር ቆፋሪ ይበቃሉ። ቆፋሪው መሐንዲሱ የማያየውን ያያል፤ ጣሪያው ሲንቋቋ ይሰማል፣ ከግድግዳው የምትወርድ የአቧራ ክር ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። የሚመልሱት ጥያቄ ቀላልና ግልጽ ነው። አንድ ዋሻ ያለ ምሰሶ ስንት ሜትር ድረስ ይሰፋል? በሁለት ዋሻዎች መካከል ስንት ክንድ ድንጋይ ይተው? ከክረምት ማግስት ሸክላው እስኪጠና ስንት ሳምንት ይፈጃል? መልሱ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ በወገል ጤና ገበያ ላይ ይለጠፍ።