ያውቁ ኖሯል? እስክስታና ሐርለም ሼክ

በደብረ ማርቆስ ሠርግ ከበሮው ሲደለቅ፣ ማሲንቆው ሲገዘገዝ፣ እስክስታ ወራጁ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ትከሻውን ያርገፈግፋል። ምቱ ብዙ ጊዜ በስድስት ይቆጠራል፤ ስድስቱም ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈላል። ጭብጨባው ሁለት ሲል ትከሻው ሦስት ሊል ይችላል።

በደቂቃ 160 ገደማ ምት የሚጋልበው ፉትወርክ የተባለው የቺካጎ ዳንስም ሁለትና ሦስትን ያፋልማል። ይህ መመሳሰል ግን ፉትወርክንና እስክስታን ዘመዳሞች አያሰኛቸውም። በሌላ አሜሪካዊ ዳንስ ግን የዝምድና ወሬ ተነሥቷል።

እ.ኤ.አ. በ2013 «ሐርለም ሼክ» የተባለው ዳንስ ቪዲዮዎች ኢንተርኔቱን ሲያጥለቀልቁ፣ የዳንሱ ምንጭ እስክስታ ነው የሚል ወሬ በሰፊው ተናፍሶ ነበር።

ዳንሱን እ.ኤ.አ. በ1981 እንደጀመረ የሚነገርለት፣ የኒው ዮርኩ ሐርለም ሰፈር ነዋሪ አል ቢ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጠየቅ የጠቀሰው ሌላ ነው፦ በጨርቅ ተጠቅልለው ከመንቀጥቀጥ በቀር መላወስ የማይችሉ ሙሚዎችን (እንዳይፈርሱ ደርቀው የተጠበቁ አስከሬኖችን)!

አንዳንድ የሐርለም ነዋሪዎች ደግሞ የ2013ቱን ቪዲዮዎች ሲያዩ፣ ይህ የእኛ ዳንስ አይደለም ብለው ተቃውመዋል።