ሸክላ ሲንኳኳ የሚሰማው

ጀበና የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጀበናዋን በጣቱ አንጓ ቀስ አድርጎ ያንኳኳታል። ጥርት ብላ ከጮኸች ይገዛታል፤ ድምጿ ከታፈነ መልሶ ያስቀምጣታል። ይህን ማን እንዳስተማረው ብትጠይቁት አያስታውስም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከተማዋን ለቀቅ እንዳሉ በምትገኘው ወለቃ፣ እኔም አንዲት ጀበና አንስቼ አንኳኳሁ። ሻጯ እናት ግን ድምፁን አልጠበቁም።

«እሷ ደህና ናት ልጄ። ያችኛዋን ተዋት» አሉኝ።

ያችኛዋን አንስቼ ብመታት ድምጿ እንደ እንጨት ድም ብሎ ቀረ። በዓይኔ ፈልጌ ምንም ስንጥቅ አላገኘሁባትም። በምን እንዳወቁ ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና «ስሠራት ጊዜ ነው፤ እጄ ላይ አልጣመችኝም» አሉ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልነበራቸውም። የቀረውን ማብራሪያ ፍለጋ ከሳይንስ ደጅ ስመላለስ ከረምሁ።

ከድምፁ ልጀምር። ጤነኛ ሸክላ ሲመታ አካሉ ሁሉ ባንድነት ይርገበገባል፤ ጥርት ያለውና የሚረዝመው ድምፅ ከዚያ የሚመጣ ነው። ስንጥቅ ካለ ግን የስንጥቁ ሁለት ከንፈሮች እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ ንዝረቱም ወደ ሙቀት ተለውጦ ቶሎ ይሞታል። ፀጉር የሚያህል፣ ዓይን የሚስተው ስንጥቅ ለጆሮ የሚገለጠው በዚህ መንገድ ነው። በአውሮፓ የባቡር ሠራተኞችም ባቡሩ ጣቢያ ሲቆም የብረት ጎማዎቹን በመዶሻ እየመቱ የተሰነጠቀውን ከደህናው ይለዩ ነበር።

ይህ የገበያ ብልሃት ወደ ሕክምናም ገብቷል። ሊዮፖልድ አወንብሩገር የኦስትሪያ ሐኪም ነበር፤ አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸው። የወይን በርሜል ሲንኳኳ ባዶው ክፍል ከሞላው በድምፅ እንደሚለይ ከልጅነቱ ያውቅ እንደነበር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1761 የሕሙማንን ደረት በጣት በማንኳኳት ሳንባ ዙሪያ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን መለየት እንደሚቻል ጽፎ አሳተመ። ለአርባ ዓመታት ያህል ብዙ ሰው ልብ አላለውም። የናፖሊዮን ሐኪም ኮርቪዛር በ1808 መጽሐፉን ወደ ፈረንሳይኛ ሲመልሰው ነው ዘዴው በሰፊው የታወቀው። ዛሬም ደረታችንን በጣቱ የሚያንኳኳ ሐኪም የሚሠራው ጀበና ገዢው የሚሠራውን ነው።

የወለቃዋ እናት ዕውቀት ግን ከዚህ ይቀድማል። ጀበናዋ ገና ጭቃ ሳለች ነው ያወቋት። የአንድ እጃችን የውስጥ መዳፍና ጣቶች ንክኪን የሚሰሙ ወደ 17,000 የሚጠጉ የነርቭ ክሮች አሏቸው፤ ብዙዎቹም የጣት ጫፍ ላይ የተጠጋጉ ናቸው። ሸክላ ሠሪዋ ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጇ ብቻ ስትሠራ አንዱን እጅ ከውስጥ ሌላውን ከውጭ አድርጋ የጭቃውን ግድግዳ በመሃል ትይዘዋለች። ግድግዳው የት እንደሳሳ፣ የት እንደወፈረ፣ አየር የት እንደቀረ ያለማቋረጥ ይነገራታል። ይህ መልእክት በቃል የሚመጣ አይደለምና በቃል መልሶ ማስረዳትም ይቸግራል።

እንዲህ ያለው ዕውቀት በአንጎል ውስጥ የራሱ ማደሪያ እንዳለው የታወቀው በአንድ አሳዛኝ ሰው ነው። ሄንሪ ሞላይሰን የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ እ.ኤ.አ. በ1953 የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር በትዝታው መያዝ አቃተው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል ጠርዝ በእርሳስ እንዲከተል አደረገችው። በየቀኑ እየተሻሻለ ሄደ። በሦስተኛው ቀን እጁ ሥራውን በሚገባ ለምዶታል፤ እሱ ግን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ እንደሚያውቅ ፈጽሞ አያስታውስም። እጁ የተማረውን ትዝታው አልሰማም ነበር። «እጄ ላይ አልጣመችኝም» የሚለው መልስ ያጠረው ሸክላ ሠሪዋ ሳያውቁ ቀርተው አለመሆኑን ያመንሁት ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው።

ሆኖም እጅ በራሱ ጊዜ ብቻ አይማርም፤ ስህተቱ ሊነገረው ይገባል። ሸክላ ደግሞ ስህተትን የምታሳውቀው ዘግይታ ነው፣ እሳት ላይ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ እዚያ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በደንብ ያልደረቀ ሸክላ እሳት ሲነካው በግድግዳው ውስጥ የቀረችው ውሃ እንፋሎት ትሆናለች፤ እንፋሎት ከውሃነቱ ከ1,600 ጊዜ በላይ ቦታ ይፈልጋልና መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። 573 ዲግሪ ላይ በጭቃው ውስጥ ያለው የኳርትዝ አሸዋ ቅንጣት በድንገት ይለጠጣል፤ ሲበርድም በዚያው ሙቀት በድንገት ይኮማተራል። ነፋስ የገባበት እሳት ሸክላን የሚሰነጥቀው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ወደ 600 ዲግሪ ሲቃረብ ከጭቃው ቅንጣቶች ጋር ተዋህዶ የኖረው ውሃ ወጥቶ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ዕቃ ቢዘፈዘፍ፣ ቢደቀቅ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በኩበትና በጭድ ጭስ ታፍኖ ሲቆይ የጥቀርሻው ካርቦን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባና ጀበናን ያን የምናውቀውን ጥቁር መልክ ይሰጣታል።

እንግዲህ የቀናት ድካም በአንድ ከሰዓት እሳት ይፈረድበታል። ፍርዱን ብቻ የሚጠብቅ ጀማሪ የት እንደሳተ አያውቅም፤ ገሉን ይሰበስባል እንጂ። ለእኔ የወለቃ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ባለሙያዋ የእሳቱን ፍርድ ሳትጠብቅ በየደረጃው ሥራዋን ትጠይቃለች፦ ጭቃውን ስታሸው፣ ግድግዳውን ስታሳሳ፣ ሲደርቅ ቀለሙ ሲነጣ፣ ጉንጯ ላይ አስጠግታ ቅዝቃዜው መጥፋቱን ስትለካ። አንደርስ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ በርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ባወጣው ጥናት ሥር የሰደደ ችሎታ የሚመጣው ድክመትን ለይቶ፣ ስህተትን ወዲያው እያወቁ፣ እያረሙ ከመለማመድ እንደሆነ ይሟገታል። ሠላሳ ዓመት አንድን ሥራ ሠርቶ የመጀመሪያው ዓመት ላይ የቀረ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ስህተቱ ዘግይቶ ስለሚደርሰው ወይም ጨርሶ ስለማይደርሰው ይመስለኛል።

ስለ ወለቃ ሲጻፍ ግን ያን ጥበብ እዚህ ያቆዩትን ሰዎች መዝለል አይገባም። መንደሩ የቤተ እስራኤላውያን፣ የኢትዮጵያ አይሁዳውያን፣ ነበር፤ ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ርስት ስላልነበራቸው ኑሯቸው በእጃቸው ላይ ቆመ። ጎረቤታቸው ማረሻውንም ድስቱንም ከእነሱ ይገዛል፤ መልሶ ደግሞ «ቡዳ» ይላቸዋል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይላል። እንዴት እንደተሠራ ያላየነውና ሠሪው ራሱ በቃል ሊያስረዳን የማይችለው ነገር ያስፈራል፤ ፍርሃት ደግሞ የዕውቀትን ባዶ ቦታ ለመሙላት ይፈጥናል። ይህ የእኔ ግምት ነው። በደሉ ግን ግምት አይደለም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸዋል። አዋጁ ቢነገርም ስድቡ ቶሎ አልጠፋም። ከአካባቢው ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎች በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ሌሎች ከግንቦት 16 እስከ 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በተደረገው የአውሮፕላን ጉዞ ወደ እስራኤል ሄዱ። በዚያ የአንድ ቀን ተኩል ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጉዟል። ዛሬ ወለቃ ውስጥ ለጎብኚ የሚሸጡትን ትናንሽ የሸክላ ምስሎች በአብዛኛው የሚሠሩት የቀሩት ጎረቤቶች ናቸው። ስድቡን የወረሰ ባይኖር እመኛለሁ፤ እጁን የወረሱ ግን አሉ።

እኚያ እናት ልሞክር ስላቸው አንድ እፍኝ ጭቃ ሰጡኝ። ሲኒ ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ታገልሁ። በዓይኔ ቀጥ ያለ መሰለኝ። እሳቸው ግን ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና፣ ከዚያ የእኔን ጣት ይዘው በዚያው ቦታ አስቀመጡት። «እዚህ ጋ፤ ሰማኸው?» አሉኝ። በመጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ሁለት ጊዜ አዟዟሩኝ፣ በሦስተኛው አንዱ ጎን እንደ ከንፈር ወፍሮ ተሰማኝ። ሳቅ አሉና እጃቸውን ውሃ ነክረው ሲኒዬን ጨፍልቀው መልሰው አድቦለቦሉት፣ ጭቃውንም እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።