ደብተሯን አትንጠቋት

ስምንተኛ ክፍል የደረሰች የልጅ ልጅ አለችኝ፤ አቃቂ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ ከጎኔ ቁጭ ብላ የሰፈሩን ወግ በደብተሯ ትጽፋለች።

የሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። አባቷ «ድርሰቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ፈተናሽን!» አላት። ሐሳቡ ክፋት የለውም። እኔ ግን ከመኝታ በፊት ግማሽ ሰዓት እንዲተውላት ለመንኩት፤ ተስማማን። ቅዳሜ የቤት ሥራዋን ከጨረሰች በ2014 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የ4 ኪሎው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይወስዳታል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እሷ ግን ስትመለስ ድካም አይታይባትም።

አንድ ማታ ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ አጫወትኳት። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ ለፓርላማ በመመረጥም ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው። «የልቤ መጽሐፍ»ንም በ1942 ዓ.ም. አሳትመዋል። «እማማ፣ ሥራና ጽሑፍ አብረው ይሄዳሉ ማለት ነዋ!» አለችኝ።

የእሷ ድል ገና ትንንሽ ነው። አንድ ጽሑፏ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ተነቧል። ሽንኩርት ስለምትሸጠው ጎረቤታችን የጻፈችውን ደግሞ ለራሷ ለጎረቤታችን አነበበችላት። ሴትዮዋ «ይሄማ እኔ ነኝ!» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ወላጆች፣ ልጅ የሚጽፈው የሚሰማው ሲያገኝ ነው። የመጀመሪያ አድማጩ የቤት ሰው ይሁን። ፈተናው ገና አልደረሰም፤ ጥናቱም አልቀረም። አባቷ ግን አሁን አሁን ከሥራ ሲገባ «ዛሬስ ምን ጻፍሽ?» ማለት ጀምሯል።