ውሻን በሽልማት ወይስ በቅጣት ማሠልጠን?

ውሻን ለሥራም ሆነ ለቤት የሚያሠለጥኑ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ኖረዋል። አንደኛው ወገን ውሻ የሚታዘዘው የጌታውን የበላይነት ሲቀበል ነውና እምቢ ሲል ሊቀጣ ይገባል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ውሻ የሚደጋግመው የጠቀመውን ነገር ስለሆነ፣ የተፈለገውን ሲያደርግ ጠብቆ መሸለም ይሻላል ባይ ነው።

የማስገደዱ ዘዴ ሥርዓት ይዞ በመጽሐፍ የቀረበው በጀርመን ነው። የፖሊስ ባለሥልጣኑ ኮንራድ ሞስት እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተመው መመሪያ ለፖሊስና ለጦር ውሾች ሥልጠና መሠረት ሆነ። ሞስት ሽልማትን ባይንቅም፣ ሰው በውሻው ላይ የበላይነቱን በጉልበት ማረጋገጥ አለበት ብሎ ያምን ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውሾችን ያሠለጠኑ ባለሙያዎች ከጦርነቱ በኋላ ይህን ልማድ ወደ ሰላማዊው ኑሮ ይዘው ገቡ። ከእነዚህ አንዱ አሜሪካዊው ዊሊያም ኬለር በ1962 ባወጣው መጽሐፍ የማነቂያ ሰንሰለትን በድንገት መንጨቅ የሥልጠናው ምሰሶ ሆነ። ግቢ የሚቆፍር ውሻ እንዲተው ከተፈለገም፣ የቆፈረውን ጉድጓድ ውሃ ሞልቶ ጭንቅላቱን እዚያው መድፈቅን እስከ መምከር ደርሷል። ይህ ሥልጠና ሳይሆን ጭካኔ ነው፤ ያም ሆኖ መጽሐፉ በብዙ ቤት ገብቷል።

ለዚህ አሠራር ሳይንሳዊ ማስረጃ ተደርጎ ሲጠቀስ የኖረው የተኩላ ጥናት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሩዶልፍ ሼንክል በባዝል የእንስሳት ማቆያ የነበሩ ተኩላዎችን አጥንቶ በ1947 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተኩላዎች ለበላይነት ያለማቋረጥ እንደሚታገሉና አሸናፊው መንጋውን እንደሚገዛ ገለጸ። አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜክም በ1970 ባወጣው መጽሐፍ ሐሳቡን አስፋፋው። ውሻ የተኩላ ዘር ነውና ባለቤቱ የመንጋው አለቃ መሆን አለበት የሚለው ድምዳሜ ከዚህ መጣ። በኒው ዮርክ ግዛት ውሻ የሚያረቡ የኒው ስኪት ገዳም መነኮሳትም በ1978 መጽሐፋቸው፣ ያጠፋን ውሻ በጀርባው ገልብጦ ከመሬት ጋር መያዝን መከሩ።

የመሠረቱ ድንጋይ ግን ልል ነበር። ሼንክል ያያቸው ተኩላዎች በጠባብ ግቢ የታጎሩ፣ መሸሻ ያጡ እንስሳት ናቸው። ሜክ በካናዳዋ ኤልስሚር ደሴት በዱር የሚኖሩ ተኩላዎችን ለብዙ ዓመታት ከተከታተለ በኋላ በ1999 ባወጣው ጥናት፣ መንጋ ማለት በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው እንደሆነ አስረዳ። መሪዎቹ መሪ የሆኑት ስለ ወለዱ እንጂ ተዋግተው ስላሸነፉ አይደለም። ሜክ የቀድሞ መጽሐፉ መታተሙ እንዲቆም አሳታሚውን መወትወቱ፣ መነኮሳቱም በ2002 እትማቸው የመገልበጡን ምክር መተዋቸው ሊመሰገን የሚገባው ቅንነት ነው።

የሽልማቱ ዘዴ ምንጩ ቤተ ሙከራ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር እንስሳ መልካም ውጤት ያስገኘለትን ድርጊት እንደሚደጋግም አሳየ፤ በ1951 ደግሞ ማንኛውም ሰው ውሻን በምግብና ቀጭ በሚል ትንሽ መሣሪያ ድምፅ እንዴት ማስተማር እንደሚችል ጻፈ። ድምፁ ትክክለኛዋን ቅጽበት ያመለክታል፤ ምግቡ ይከተላል። ካረን ፕራዮር በሃዋይ ዶልፊኖችን ስታሠለጥን ይህ ዘዴ ብቸኛ አማራጯ ነበር፤ ዶልፊን በማሰሪያ አይጎተትም፣ ቢመታም ዋኝቶ ይሄዳል። ፕራዮር ልምዷን በ1984 መጽሐፏ ለውሻ ባለቤቶች አደረሰች።

ታዲያ ቅጣት ለምን እስከ ዛሬ ዘለቀ? ዋናው ምክንያት ውጤቱ ወዲያው መታየቱ ነው። ሲጮህ የተመታ ውሻ ዝም ይላል፤ መቺውም ተሳካልኝ ብሎ ይደግመዋል። ጉዳቱ ግን ዘግይቶ ይመጣል። ውሻ ሕመሙን ከጥፋቱ ጋር ብቻ ሳይሆን በዚያች ደቂቃ ካያቸው ነገሮች ሁሉ ጋር ሊያያይዝ ይችላል። መንገድ ላይ ሕፃን ባየ ቁጥር አንገቱ የሚነጨቅ ውሻ ሕፃናትን ሊፈራ፣ ፍርሃቱም ወደ ንክሻ ሊሄድ ይችላል። ስላጉረመረመ የተቀጣ ደግሞ ማጉረምረሙን ትቶ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊነክስ ይችላል።

በ2009 የወጣ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህን ያጠናክራል። በጠባይ ችግር ምክንያት ወደ ሐኪም የመጡ ውሾች ባለቤቶች ሲጠየቁ፣ ውሻቸውን ከመቱት ወይም ከረገጡት 43 በመቶው፣ በጀርባው ገልብጠው ከያዙት ደግሞ 31 በመቶው ውሻው በቁጣ እንደመለሰላቸው ተናግረዋል። በ2020 የታተመ የፖርቱጋል ጥናት 92 ውሾችን ሲያወዳድር፣ በቅጣት የሠለጠኑት የበለጠ ተጨንቀው ተገኙ። ምግብ ይኑርበት አይኑርበት ወደማይታወቅ ሳህን ሲለቀቁም በዝግታ ነበር የሚሄዱት፤ ይህም ተስፋ የመቁረጥ ምልክት ተብሎ ተተርጉሟል። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር በ2021 መግለጫው ለሁሉም ውሾች የሽልማት ሥልጠናን ብቻ ደግፏል።

ክርክሩ አሁን የጠበበው በርቀት ኤሌክትሪክ በሚነዝር የአንገት ማሰሪያ ዙሪያ ነው። ዌልስ በ2010 ከልክላዋለች፤ በጀርመንም አጠቃቀሙ ሕገ ወጥ ነው። ደጋፊዎቹ በግ የሚያሳድድን ውሻ ከሩቅ የሚያቆም ሌላ መንገድ የለም ይላሉ። በ2014 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት መሣሪያው ከሽልማት ሥልጠና የተሻለ ውጤት እንዳላስገኘ ሲያሳይ፣ በ2024 የወጣ የአሜሪካ ሙከራ ግን ሩጫን በማስቆም ረገድ ፈጣን ሆኖ አግኝቶታል። በዚህኛው የተሳተፉት ውሾች ጥቂት ስለነበሩ ከሌሎች ተመራማሪዎች ትችት ገጥሞታል።

በአሜሪካም ሆነ በእንግሊዝ የውሻ አሠልጣኝ ነኝ ለማለት ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ አሠልጣኙን የማጣራቱ ኃላፊነት በባለቤቱ ላይ ይወድቃል፤ ውሻውን ከማስረከቡ በፊትም ሲያጠፋ ምን እንደሚደረግበት አሠልጣኙን በግልጽ መጠየቅ ይኖርበታል።