“ጋዝ ሙላልኝ” ከማለት በፊት፦ የተሽከርካሪ ማቀዝቀዣ በቆላ መንገድ ለምን ይደክማል?

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ አሽከርካሪ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከወይና ደጋ ወደ በረሃ ይገባል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቁልቁል በተወረደ በየ1 ሺህ ሜትሩ አየሩ በአማካይ ከ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚሞቅ፣ የከፍታው ልዩነት ብቻውን 8 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በአፋር ቆላ በሞቃታማዎቹ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል።

ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ በርካታ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎችና ረዳቶቻቸው በዚህ ሙቀት ውስጥ ቀናትን ያሳልፋሉ። ለእነርሱ ጋቢናው የሥራ ቦታ ብቻ አይደለም፤ የሚበሉበትና የሚተኙበት ቤትም ነው። ወደ መተማና ወደ ሌሎች የቆላ አካባቢዎች ለእርሻ ሥራ የሚጓዙ ሰዎችም በሚኒባስና በአውቶቡስ ውስጥ ተመሳሳይ ሙቀት ይገጥማቸዋል። ደጋ ላይ በደንብ ሲሠራ የነበረው ማቀዝቀዣ፣ በተለምዶ ኤሲ የሚባለው፣ ቆላ ሲደርስ ለብ ያለ አየር መንፋት ሲጀምር ብዙዎች “ጋዙ አልቋል” ብለው ወደ ጋራዥ ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ የችግሩ ምንጭ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

ማቀዝቀዣው ምን ይሠራል?

የተሽከርካሪ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ የውስጡን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጭ ያወጣል። በሥርዓቱ ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ በዳሽቦርዱ ሥር በሚገኘው ኢቫፖሬተር ውስጥ ሲያልፍ የጋቢናውን ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆ ወደ ኮንደንሰሩ ይልከዋል። በአብዛኞቹ መኪናዎች ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት የሚገኝ ሲሆን፣ ጋዙ የተሸከመውን ሙቀት ለውጭው አየር የሚያስረክበው በዚያ ነው።

ሙቀት በራሱ የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው። ስለዚህ የውጭው አየር 42 ዲግሪ ከሆነ በኮንደንሰሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ከዚያ እጅግ መሞቅ አለበት፤ አለዚያ ሙቀቱን ሊያራግፍ አይችልም። የውጭው ሙቀት በጨመረ መጠን የኮምፕሬሰሩ ጫና ይበረታል፣ የማቀዝቀዝ አቅሙም ይቀንሳል። ደጋ ላይ ሳይታወቅ የኖረ ትንሽ ጉድለት ቆላ ላይ ገሃድ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም

ጋዙ በተዘጋ መስመር ውስጥ እየተመላለሰ ያገለግላል እንጂ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም። በግልጽ ከቀነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይገኝ ደጋግሞ ማስሞላት ገንዘብን ለነፋስ መስጠት ነው። በብዙ መኪናዎች ውስጥ የሚገኘው አር-134ኤ የተሰኘው ጋዝ፣ ወደ አየር ሲለቀቅ በ100 ዓመት ስሌት ተመሳሳይ ክብደት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1 ሺህ ጊዜ በላይ የምድርን ሙቀት የመጨመር ኃይል አለው።

ከልክ በላይ መሙላትም ይጎዳል። ጋዙ ሲበዛ ግፊቱ ይጨምራል፣ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩም ለብልሽት ይጋለጣል። ትክክለኛው መጠን ብዙውን ጊዜ በሞተሩ ክዳን ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ በግራም ተጽፎ ይገኛል። ባለሙያው መሙላት ያለበት በዚያ ልክ መዝኖ ነው።

በቅድሚያ ሊፈተሹ የሚገባቸው

የመጀመሪያው ኮንደንሰሩ ነው። በጠጠር መንገድና በአውድማ አጠገብ የሚያልፍ መኪና አቧራ፣ ገለባና ነፍሳት በኮንደንሰሩ ስስ ክንፎች መካከል ይጠራቀሙበታል። አየር ካላለፈ ሙቀቱ አይወጣም። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ቀስ ብሎ በሚወርድ ውኃ ማጠብ ይገባል፤ ኃይለኛ ግፊት ያለው ውኃ ክንፎቹን ያጣምማል።

ሁለተኛው የጋቢናው አየር ማጣሪያ ነው። ፊልትሮው በአቧራ ከተደፈነ ቀዝቃዛው አየር ቢኖርም ወደ ተሳፋሪው አይደርስም። ሦስተኛው የኮንደንሰሩ ቬንትሌተርና የኮምፕሬሰሩ ቺንጊያ ነው። መኪናው ሲሄድ የሚያቀዘቅዝ፣ ሲቆም ግን የሚሞቅ ከሆነ በቅድሚያ ቬንትሌተሩን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ በቆመ መኪና ላይ አየር የሚስበው እርሱ ብቻ ነውና።

ሙቀቱን ከመግቢያው መከላከል

ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው አየር ከውጭው እጅግ ይሞቃል። በመሆኑም ጉዞ ሲጀመር በሮችን ከፍቶ የታመቀውን ሙቀት ማስወጣት፣ መስኮቶችን ከፍቶ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ መንዳት፣ ከዚያም መስኮቶችን ዘግቶ ማቀዝቀዣውን በውስጥ አየር ላይ ማድረግ ይመከራል። አስቀድሞ የቀዘቀዘውን አየር መልሶ ማቀዝቀዝ 42 ዲግሪ የሆነውን የውጭ አየር ከማቀዝቀዝ ይቀልላል። ሆኖም ተሳፋሪ በበዛበት መኪና ውስጥ የተዘጋ አየር ድካምና እንቅልፍ ስለሚያመጣ በየጊዜው ንጹሕ አየር ማስገባት ያስፈልጋል።

መኪናውን በዛፍ ጥላ ሥር ማቆም፣ ካልተገኘም የፊት መስታወቱን ከፀሐይ ማዞርና አንጸባራቂ መሸፈኛ ማድረግ ምንም ነዳጅ የማይጠይቅ እገዛ ነው። ከጅቡቲ ጭነት ይዞ ወደ ባቲና ኮምቦልቻ ዳገት የሚወጣ አሽከርካሪ ደግሞ የሞተሩ ሙቀት ማሳያ ከፍ ማለት ከጀመረ ማቀዝቀዣውን ለጊዜው ማጥፋት አለበት። ኮንደንሰሩ የሚያራግፈው ሙቀት በቀጥታ ወደ ራዲያተሩ ስለሚሄድ የሞተሩን ጫና ያባብሳል።

ለሕይወት የሚያሰጉ ልማዶች

ሞተር አስነስቶ በማቀዝቀዣ መተኛት በሌሊት ሙቀት የሚያጓጓ ነው፤ አደጋው ግን ከባድ ነው። የጭስ ማውጫው የሚያፈስ ከሆነ፣ ወይም መኪናዎች ተጠጋግተው ነፋስ በሌለበት ቦታ ከቆሙ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጋቢናው ሊገባ ይችላል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ሞተርን አጥፍቶ፣ መስኮትን በመጠኑ ከፍቶ፣ ለትንኝ መከላከያ መረብ አድርጎ ማደር ይሻላል። በባትሪ የሚሠሩ የማቆሚያ ማቀዝቀዣዎችም አሉ፤ የሚያገለግሉት ግን ባትሪው በሚችለው ሰዓት ልክ ነው።

ሕፃናትን “አሁን እመለሳለሁ” ብሎ በቆመ መኪና ውስጥ መተውም እንዲሁ ገዳይ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ሰው ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ይሞቃል። መስኮቱን በጥቂቱ ከፍቶ መሄድ እምብዛም አይረዳም።

በሙቀት ምክንያት የተዘባረቀ ንግግር የሚናገር፣ የሚንገዳገድ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ሲያጋጥም ወደ ጥላ መውሰድ፣ ልብሱን ማላላት፣ ሰውነቱን በውኃ እያራሱ ማራገብና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ መስጠት አይገባም።

ወደ ቆላ ከመውረድ በፊት ኮንደንሰሩን ማጠብና ፊልትሮውን ማየት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህ ተደርጎ ማቀዝቀዣው አሁንም ከደከመ፣ ባለሙያውን “ጋዝ ሙላልኝ” ከማለት ይልቅ “የሚያፈስበትን ፈልግልኝ” ማለት ይገባል።